ከንፈሩ ላይ ያለችው ቀዳዳ

አባቴ ዓሣ ሲያዝ መጀመሪያ የሚያየው ትልቅነቱን አልነበረም። አፉን ከፍቶ መንጠቆው የገባበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ቀዳዳው ተተርትሮ ከሰፋ የማጥመጃው ዘንግ ደረቅ ነው ማለት ነው፤ ዓሣው ሲታገል አልታዘዘለትም፣ ከንፈሩን ቀደደው። ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ጠርዙ ብቻ ሳሳ ካለ ዘንጉ ደግ ነው። "ደግ ዘንግ" ይል ነበር፣ ስለ ሰው እንደሚያወራ። "ከንፈሩን እይ። ስለ ዘንግሽ የሚነግርሽ እሱ ነው።"

ይህን ሲነግረኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

አባቴ ያደገው አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ አጠገብ ነው። ወደ ጭሮ የመጣው በእንስሳት ጤና ሥራ ተመድቦ ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። እዚህ ከእናቴ ጋር በጸሎት ቤት ተዋወቁ፣ እኔ ተወለድኩ፣ ሁለቱ ዓመት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ተራዘመ። ጭሮ የተራራ ከተማ ናት። ጫት አላት፣ በመቻራ በኩል ቡና ይመጣላታል፣ ብርድ አላት። ሐይቅ የላትም። አባቴ ለዚህ ነገር ከተማዋን ይቅር ያላት አይመስለኝም።

በኋላ ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ለመስኖ የሚሆን ትንሽ ግድብ ተሠራ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩት ይጨመርበት ተብሎ ጫጩቶቹን በውሃ በተሞላ ላስቲክ ይዘው ከሄዱት ሠራተኞች አንዱ አባቴ ነበር። "መኪናው ሲንገጫገጭ እንደ ሕፃን አቅፌያቸው ነው የሄድኩት" እያለ ስንት ጊዜ እንዳወራው አላውቅም። የአገሩ ሰው ዓሣ ብዙም አይበላም። የሚያጠምዱት እንደ እሱ ከሌላ ቦታ ተመድበው የመጡ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ ዘንጋቸውን የሚሠራላቸው አባቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ስድስት ሆነው ዘንጋቸውን ሽቅብ ይዘው በከተማው ሲያልፉ ሰዉ ይስቃል። አባቴን "ዶክተር ቁርጡሚ" ይሉታል። ቁርጡሚ በኦሮምኛ ዓሣ ማለት ነው። እሱ ደስ ይለው ነበር።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፤ እዚያ ፊት ወጥቶ ለክፍሉ ማስረዳት አለ ተባለ። ሦስት ቀን ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ ሆዴም ሳይሻለው ቀረ። እናቴ ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ሽማግሌ ላከችብኝ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ወዴት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም። አባቴ ግን "ተያት፣ ቀርከሃ ትፋቅ" አለ። እንዲህ ሆኖ እጄን የፈታሁት በዘንግ ላይ ነው።

ቀርከሃውን የምናመጣው ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ከሚኖሩ አንድ ሐጂ አጥር ነው። የሚቆረጠው ሦስት ዓመት የሞላው ነው። ለጋው ይጣመማል፣ ያረጀው ይሰነጠቃል። ሦስት ዓመት የሞላው አረንጓዴው ደብዘዝ ብሎ ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በጥፍር ሲመቱት ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ክረምት አይቆረጥም፤ ውሃ የጠጣውን ነቀዝ ይበላዋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንም አይቆረጥም ይላል አባቴ። ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ አባቱም አልነገረው።

ቅርንጫፉ ከተመለመለ በኋላ አንጓው በቢላ ተልጎ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል። ከዚያ እሳት ነው። እስኪያልበው ድረስ ፍም ላይ እያዟዟሩ ማሞቅ ነው። ቀርከሃ እውነትም ያልበዋል፤ ቅባት የመሰለ ነገር ያወጣል። ያንን በጨርቅ እየጠረጉ ጠማማውን ጉልበት ላይ አስደግፎ ማቃናት፣ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ። ከቸኮሉ ይሰነጠቃል፣ ከዘገዩ ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል። ሲቀና ጫፉን ከወጥ ቤቱ ማገር ጋር አስረው፣ ግርጌው ላይ ድንጋይ አንጠልጥለው ሦስት ወር ጭስ ያጠግቡታል። ጫፉ ለብቻው ከቀጭን ቀርከሃ ተሠርቶ ይሰካና በክርና በሰም ይጠመጠማል። መንሳፈፊያው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል፤ ክብደት የሚሆነው የብስክሌት ዳዶ ነው። ክሩ ጫፉ ላይ ብቻ አይታሰርም፣ እስከ ዘንጉ ወገብ ይወርዳል። ጫፉ ቢሰበር ዓሣው ሁሉንም ይዞ እንዳይሄድ ነው።

ካቻምና ሰኔ ላይ አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። አፉም ለሁለት ወር ተጣሞ ነበር፤ ሲናገር የሚገባው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ምናልባት ሰው ብዙ የማላናግር ሰው ስለሆንኩ። ሆስፒታል እጁን የምታንቀሳቅስለት ባለሙያ ለእናቴ እንዲህ አለቻት፦ "የሚወደው ሥራ ካለ እሱን አሠሩት። ተስፋ ከቆረጠ ግን እግሩም እጁም እዚያው ይቀራሉ።"

ስለዚህ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተንጠልጥለው የከረሙትን ቀርከሃዎች አንድ በአንድ አወረድናቸው። እሱ በግራ እጁ ይይዛል፣ እኔ እፍቃለሁ። እሱ ፍሙን ያያል፣ "አሁን" ሲል ሲከርም የተጣመመውን እኔ አቃናለሁ። ቀኝ እጁ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ግድግዳውን ይዞ ከአልጋው ወደ በሩ ይራመዳል፣ እርምጃውን እየቆጠረ። ለመጣ ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነበር።

"ለከርሞ መስቀል ግድቡ ዳር እቆማለሁ። ተሸክሞኝ አይደለም ማንም። በእግሬ።"

ጥር ላይ የመጀመሪያው ዘንግ አለቀ። ቅዳሜ ቀን ሄጄ እንድሞክረው ላከኝ። ሰው የበዛበት ቦታ እንዳልወድ ስለሚያውቅ "ጠዋት ሂጂ፣ ማንም የለም" አለኝ። በሚኒባስ ሄጄ ከመንገዱ ወረድኩ፤ ዘንጉን ይዤ ቁልቁለቱን ተጓዝኩ።

ግድቡ አልነበረም።

ከተራራው የሚወርደው አፈር ለዓመታት ሲሞላው እንደኖረ አባቴም ያውቅ ነበር፤ ከመታመሙ በፊት "ጥልቀቱ ቀነሰ" ይል ነበር። እሱ በተኛበት ክረምት የመጣው ጎርፍ የቀረውን ሞላው። ግንቡ እንዳለ ነው፣ ጎኑ ላይ ብቻ ተሸራርፏል። ከግንቡ ወዲህ ውሃ የነበረበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ደለል ሆኖ፣ በመደብ በመደብ ተከፋፍሎ ሽንኩርት ተተክሎበታል። ሴቶች ያርማሉ። አንዷ ቀና ብላ ዘንጉን አየችና በኦሮምኛ "አቮካዶ ልታወርጂ ነው? እዚህ አቮካዶ የለም" አለችኝ።  ዘንጉን ከኋላዬ ደብቄ ተመለስኩ፤ አራት ሜትር ዘንግ እንዴት ይደበቃል።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ከወጣሽ ጀምሮ በር በሩን ነው የሚያየው። ያዝሽ?"

"እማዬ፣ ግድቡ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ሽንኩርት ሆኗል።"

ልታጥበው የያዘችውን ድስት ደፍታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ከቤት ውስጥ የአባቴ እግር ሲጎተት ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ዛሬ በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንቺን ሲጠብቅ ነው። እንዳትነግሪው።"

"ታዲያ ምን ልበለው?"

"ድሮስ ምን ትያለሽ? ዝም ማለቱን ታውቂበት የለ።"

ገባሁ። አባቴ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል፤ ላብ ጠምቆታል።

"በላ?"

"አልበላም" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ቁጭ ብሎ ክሩን በግራ እጁ ዳበሰ። ከዚያ "ክሩ ነው" አለ። "ወፍሯል። ዓሣው አይቶታል።"

ክሩን ቀየርን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሄድኩ፤ ማለቴ ከቤት ወጣሁ። ወንዙ ዳር፣ ከሐጂ ቀርከሃ ሥር ተቀምጬ ዋልኩና ተመለስኩ። "አልበላም።" አባቴ ጫፉን ወቀሰ፤ ደንድኗል አለ። አዲስ ጫፍ ሠራን። "አልበላም።" መንጠቆው ትልቅ ነው አለ። መንጠቆውን ሞርደን አሳነስነው። ከዚያ ዘንጉ ራሱ ከበደ፤ ሌላ አወረድን። እንዲህ እያልን እስከ ሚያዝያ ስድስት ዘንግ ሠራን። እጁም እየተፍታታ ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ክር መያዝ ጀመሩ። ከበሩ አልፎ ወጥ ቤት ድረስ በራሱ ደረሰ። እናቴ ዓይኔን እያየች "አየሽ?" ትለኛለች፤ እኔ ወደ መሬት አያለሁ።

ትልቁ ችግር እንግዳ ነበር። እናቴ የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ አስቁማ ታስጠነቅቃለች። አንድ ቀን ከጸሎት ቤት የመጡ ወንድሞች ሊጸልዩለት ከበቡት። አንደኛው፣ እናቴ ያላስጠነቀቀችው፣ እጁን አባቴ ራስ ላይ ጭኖ ጀመረ፦

"ጌታ ሆይ፣ የአባታችንን እግር አጽና። ያን የደረቀውን ግድብ..."

"አሜን" አለች እናቴ፣ ጮክ ብላ።

"...የደረቀውን..."

"አሜን፣ አሜን። ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ ሻይ ይቀዘቅዛል።"

ሰውየው ጸሎቱን መሀል ላይ ትቶ ሻይ ጠጣ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ምን እንደሰማ ማወቅ አልቻልንም። ሲሄዱ "የዛሬው ጸሎት አጠረ" ብቻ አለ።

ሐጂ ነገሩን ያወቁት ከሥራዬ ነው። ዘወትር ቅዳሜ ዘንግ ይዤ ዓሣ የሌለበት ወንዝ ዳር ስቀመጥ ያዩኛል። ለቀርከሃ ስመጣም አልጣራም፤ ውሻው እስኪጮኽ አጥሩ ጋ እቆማለሁ።

"ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "አንቺን የሚያስተዋውቀኝ ውሻዬ ነው። እሱ ቢሞት እዚያው ቆመሽ ቀርከሃ ታበቅያለሽ።"

እስቃለሁ።

"አባትሽ አላወቀም?"

አላወቀም ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ።

"አቦ፣ ሞኝ እኮ አይደለም።" ከዚያ የሚቆረጠውን በመቋሚያቸው ያሳዩኛል።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ "አልበላም" ስል አባቴ ሰበብ አልፈለገም። ስድስቱ ዘንጎች ግድግዳው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ሲያያቸው ቆየ።

"ተይው" አለ። "ዘንጉ አይደለም፣ እጄ ነው። የሚያውቀው እጅ ሞቷል፣ ግራው አያውቅም። አንቺም የምትሠሪው የኔን ስህተት ነው። አራት ወር ሙሉ አንድ ዓሣ የማይነካው ዘንግ ስትሸከሚ አለፋሁሽ።"

"አባዬ..."

"ተይው ብያለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት አልተነሳም። ሰኞም። ማክሰኞ እናቴ እግሩን ልታሽለት ስትሞክር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሐሙስ ዕለት ክር ይዘው የነበሩትን ሁለት ጣቶች አየኋቸው፤ ታጥፈው ነበር። እንዲያቆመው ብለን የዋሸነው ውሸት አስተኛው። የዚያን ቀን ለእናቴ ዓሣ ያስፈልገናል አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት። የእሷ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር።

የጸሎት ቤታችን አንዲት እህት ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ቦርደዴ ትወስዳለች። ከዚያ በአዋሽ በኩል በሚመጡ ሰዎች አድርጋ ዓሣ እንድታስመጣ እናቴ ለመነቻት፤ ቆሮሶ፣ ሙሉውን፣ ጭንቅላቱ ያልተቆረጠ።

"እናንተ ቤት ደግሞ ጭንቅላት የሚበላ ማነው?" አለች ሴትየዋ።

"ሐኪም ነው ያዘዘው" አለች እናቴ።

"የትኛው ሐኪም ነው? ለኔም ለጉልበቴ ይዘዝልኝ።"

ዓርብ ማታ በበረዶ ተጠቅልሎ መጣ። መካከለኛ ነበር፤ ዓይኑ ገና አልደፈረሰም። ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ሳይነቃ በፌስታል አድርጌ፣ የመጨረሻውን ዘንግ ይዤ ወጣሁ። ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ የበረዶውን ሽታ አጠብኩለት። እርጥብ ሣር ፌስታሉ ውስጥ ጎዘጎዝኩ፤ አባቴ እንደሚያደርገው። ከዚያ መንጠቆውን አነሳሁ።

ውሻው ሳይጮኽ ሐጂ አጠገቤ ቆመው ነበር።

"ታጠምጃለሽ ወይስ ታጥቢያለሽ?"

መንጠቆውን መዳፌ ውስጥ ደበቅኩ። እሳቸው ዓሣውን አዩ፣ ዘንጉን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አባትሽን ሰላም በይልኝ" አሉ። "እኔ አላየሁሽም።" ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

መንጠቆውን በላይኛው ከንፈሩ ጥግ፣ ብዙ ጊዜ በሚገባበት በኩል፣ ቀስ ብዬ አስገባሁት። ልብስ ስሰፋ እንደማደርገው ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጥርት ያለች፣ ጠባብ ቀዳዳ ወጣች። አየኋት። ደስ አለችኝ።

ቤት ስደርስ ገና ከበሩ "በላ" አልኩ። ይህን ቃል አራት ወር ሳስበው ስለከረምኩ ሳይሆን አይቀርም ድምፄ አልጠፋም። አባቴ ከግድግዳው ዞረ። ክንዱ ላይ ተደግፎ ቀና አለ፤ ከዚያ ማንም ሳይይዘው እግሩን ከአልጋው አወረደ። እናቴ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች።

"ስጪኝ፣ ስጪኝ" አለ።

ፌስታሉን ጭኑ ላይ አደረግኩለት። ሣሩን ገለጠ፣ ዓሣውን በግራ እጁ ከፍ አደረገው፤ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ጥርሱን አላየሁትም። "ቆሮሶዬ" አለው። የአንዱ ልጅ ልጅ ልጅ እንደሆነ፣ ያኔ እሱ አቅፎ ካመጣው ዘር እንደሆነ ለእናቴ ማስረዳት ጀመረ። እያወራ አውራ ጣቱ ወደ ከንፈሩ ሄደ። እያወራ ነበር የዳበሰው። ከዚያ ማውራቱን አቆመ።

"ታገለ?" አለኝ።

"ታገለ።"

"ብዙ?"

"ብዙ።"

ዓሣውን ወደ ፌስታሉ መለሰው። በእርጋታ ነው ያስቀመጠው፣ ሣሩንም መልሶ አለበሰው።

"ልጄ፣ እንዲህ ያለ ደግ ዘንግ የለም። እኔ አልሠራሁም፣ አባቴም አልሠራም። እስቲ ዳብሺው።"

መዳበስ አያስፈልገኝም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ያስተማረኝን ነው የነገረኝ። የታገለ ዓሣ ከንፈር ጠርዙ ይሳሳል፣ ትንሽም ቢሆን ደም ይቋጥራል። የኔ ቀዳዳ ነጭ ነበረች፤ መርፌ ወግቶ እንዳወጣት። ትንሽ ብተረትራት ኖሮ ያምነኝ ነበር። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። መንጠቆውን ሳስገባም አውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን አራት ወር ሙሉ ዘንጋችን መጥፎ ነው፣ እጃችን መጥፎ ነው ሲል ሰምቼ፣ አንድ ቀን እንኳ ከንፈሩን ዳብሶ "ደግ ነው" እንዲለኝ ፈለግኩ። ለውሸቱ ሳይሆን ለዘንጉ ተጠነቀቅኩ።

"ግድቡስ?" አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። "አሜን" የምትልበት ቦታ አልነበረም።

"ሽንኩርት ነው" አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥር በፊት።"

"ቀዩ ነው ነጩ?"

"ቀዩ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ለቀይ ሽንኩርት ደለል ጥሩ ነው" አለ፤ ከዚያም ተጋደመ።

ዓሣውን እናቴ ጠበሰችው። ማንም አልበላውም።

ሦስት ቀን ከአፉ ቃል አልወጣም። በአራተኛው ቀን "ውሰጂኝ" አለኝ። እናቴ አትሂዱ አለች፤ ከዚያ ጋቢውን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። ባጃጅ ጠራሁ። ሹፌሩ ዘንጉ አይገባልኝም ብሎ ሲከራከር አባቴ "በጎን አውጣው" አለው። ዘንጉን እኔ በጎኑ አውጥቼ እስከዚያ ድረስ ይዤው ሄድኩ። መንገደኛው ሁሉ ያያል። "ዶክተር ቁርጡሚ ተሻለው" ያለም ሰምቻለሁ።

ባጃጁ እስከ ግንቡ አፋፍ ወረደልን። አባቴ አልወረደም፤ እግሩ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። ከተቀመጠበት ሆኖ አየ። ሽንኩርቱ አድጎ ነበር፤ ሴቶቹ እየነቀሉ በጆንያ ይሞላሉ። እሱ ይቆምበት የነበረው ድንጋይ እንኳ አለ፤ ከድንጋዩ ሥር እስከ ወዲያኛው ማዶ የሽንኩርት ቅጠል ነው።  የሚያለቅስ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። አላለቀሰም።

"ጣይው" አለኝ።

"ምኑን?"

"ዘንጉን ወርውሪ። እንዴት እንደሚሄድ አላየሁትም እኮ። አንዱንም አላየሁም።"

"የት አባዬ?"

"ውሃው የነበረበት ነዋ።"

ሴቶቹ ቀና ቀና ብለዋል። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ያየኛል። ሦስት ቀን ብቻ የሄድኩበት ዘጠነኛ ክፍል ትዝ አለኝ።  ወደ ድንጋዩ ወጣሁ፣ መንጠቆው ማንንም እንዳይወጋ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ክሩን ከወገቡ ለቀቅኩ። ዘንጉን ወደ ኋላ አድርጌ ወረወርኩ። ዳዶው በሽንኩርቱ ላይ በረረና መደቡ መሀል ጠብ አለ። የነጠላ ጫማው ቁራጭ አፈር ላይ ጋደም አለ።

አንዷ ሴት ሳቀች። ሌላዋ በኦሮምኛ "ምን ነካት?" አለች። ሹፌሩ "አቦ፣ እዚህ የሚያዘው ሽንኩርት ነው" አለ። አባቴ በግራ እጁ ምልክት ሰጠኝ።

"ድገሚ። ክንድሽን አታድርቂ።"

ደገምኩ።

"እንደገና። ጫፉን ልየው።"

እንደገና ወረወርኩ። ማንም አይስቅም ነበር አሁን። ዘንጉ ሲታጠፍና ሲመለስ፣ አየሩን ሲቀድ ድምፁ ይሰማል። አባቴ አንገቱን ከባጃጁ አውጥቶ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ጫፉን ብቻ ያያል። ከዚያ ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ጫፉ ትንሽ ይከብዳል" አለ። "ከሰሙ በላይ ሁለት ጣት ያህል ፋቂው። ሌላው ላይ ምንም የለም።"

ክሩን ከሽንኩርቱ መሀል እየሰበሰብኩ ሳለ ጨመረ።

"ነይ በቃ። ሰው ሥራ ፈታ።"

በማግስቱ ጫፉን በጠርሙስ ስባሪ ሁለት ጣት ያህል ፋቅኩት። አሳየሁት፤ በግራ እጁ ወዝወዝ አደረገውና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘንግ አላወራም። ጠዋት መራመዱንም ተወው። እናቴ ለምናዋለች፣ ባለሙያዋም ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥታለታለች፤ "እሺ" ይላቸዋል፤ ሲሄዱ ይተኛል። እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እኔም እሷን። ወጥ ቤት አብረን ስንሠራ ግን ዝምታችን እንደ ድሮው አይደለም።

መስቀል አለፈ። ክረምቱ ዘንድሮ ዝናቡ ብዙ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማ ነበር። ድሮ እንዲህ ሲዘንብ "ይሞላል" ይል ነበር። ዘንድሮ ግን ጋቢውን ጆሮው ላይ ይስብ ነበር።

አምስቱን ዘንግ ጎረቤቶች ለአቮካዶ ማውረጃ ወሰዷቸው። ስድስተኛው ወጥ ቤት ማገር ላይ ታስሯል፤ ጭሱ አጥቁሮታል። ሐጂ ሦስት ዓመት የሞላው ቀርከሃ እንዳላቸው፣ ዝናቡም እንዳቆመ፣ መጥቼ እንድቆርጥ ልከውብኛል። ለአባቴ ነገርኩት።

"ጨረቃዋ ትጉደል" አለኝ።

ጎድላለች። እስካሁን አልሄድኩም።